ትሬድ ወደ ብራውዘር የገባበት መንገድ

በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በረስት ተጽፎ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ዛሬ በብራውዘር ውስጥ ሥራውን ለብዙ ትሬዶች አከፋፍሎ መሥራት ይችላል። ትሬድ ማለት አንድ ፕሮግራም ጎን ለጎን ከሚያካሂዳቸው የሥራ መስመሮች አንዱ ነው፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚያነቡትም የሚጽፉትም በአንድ የጋራ ሜሞሪ ላይ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ይህ ከቆየ ልማድ የሚቆጠር አሠራር ነው። ወደ ብራውዘር ለመግባት ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ከገባ ከወራት በኋላም በቀናት ውስጥ ተባርሮ፣ ዓመታት ቆይቶ በቅድመ ሁኔታ ነው የተመለሰው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው 1995 ነው። በዚያ ዓመት ፖዚክስ የተባለው የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ስታንዳርድ ስለ ትሬድ የሚደነግግ ክፍል ተጨመረለት፤ ፕሮግራመሮች ፒትሬድስ ይሉታል። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብሬንደን አይክ የአንድ ስክሪፕት ቋንቋን የመጀመሪያ ቅጂ በ10 ቀን ሠርቶ ጨረሰ። ዓመቱ ሳያልቅ ጃቫስክሪፕት የሚል ስም ወጣለት። ከጎኑ ደግሞ ጃቫ ነበር። ጃቫ ከመጀመሪያው ትሬድ ያለው ቋንቋ ሲሆን በኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 ውስጥ በአፕሌት (ገጽ ውስጥ በሚገባ አነስተኛ ፕሮግራም) መልክ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ብራውዘር ትሬድን ጨርሶ አያውቅም ነበር ማለት ልክ አይሆንም፤ ትሬድ ያልነበረው የገጹ የራሱ ቋንቋ ነው።

የጃቫስክሪፕት አሠራር ቀላል ነበር። ተጠቃሚው አንድ ነገር ሲጫን፣ ሲተይብ ወይም ከሰርቨር መልስ ሲመጣ ጉዳዩ ወረፋ ይይዛል፤ አንድ ትሬድ ብቻ ወረፋውን በየተራ ያስተናግዳል። ገጹን የሚስለውም ይኸው ትሬድ ነው። ሁለት የኮድ ክፍሎች አንዱን ዳታ በአንድ ቅጽበት ሊለውጡ ስለማይችሉ ጀማሪም ሳይሰጋ ይጽፍበት ነበር። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ አንድ ስሌት ሁለት ሴኮንድ ከፈጀ ገጹ ለሁለት ሴኮንድ ደርቆ ይቀራል። ይህ ለአሥር ዓመት ያህል ብዙ ሰው አላስቸገረም። ገጾች የሚያሰሉት ጥቂት ነበር፤ ፕሮሰሰሮችም በየዓመቱ ይፈጥኑ ነበር።

ይህ ዕድገት በ2004 አካባቢ ተገታ። ኢንቴል በዚያ ዓመት ቴጃስ በሚል ስም ሲሠራ የነበረውን ቀጣይ የፔንቲየም ፕሮሰሰር ሰረዘ፤ ፍጥነትን መጨመር የሚያስከትለው ሙቀትና የኃይል ፍጆታ ከሚገኘው ጥቅም በልጦ ነበር። በ2005 ኢንቴልና ኤኤምዲ ባለ ሁለት ኮር የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችን ለገበያ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የሲ ፕላስ ፕላስ ባለሙያው ኸርብ ሳተር ብዙ በተነበበ ጽሑፉ፣ ፕሮግራመሮች ሳይለፉ ከአዲስ ፕሮሰሰር ፍጥነት የሚያገኙበት ዘመን ማክተሙን አስጠነቀቀ። ከዚያ ወዲያ ፍጥነት የሚገኘው ሥራን ለኮሮች በማከፋፈል ነበር፤ ጃቫስክሪፕት ግን ስምንት ኮር ቢሰጠው እንኳ የሚጠቀመው በአንዱ ብቻ ነበር።

አይክ ራሱ በ2007 ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ጠንካራ እምቢታ ነበር። ሜሞሪ የሚጋሩ ትሬዶች የሚያመጡትን መዘዝ የፋየርፎክስ ሠሪ በሆነው ሞዚላ ውስጥ ሲሠራ በቅርብ አይቶታል። ሁለት ትሬዶች በአንድ ቆጣሪ ላይ አንድ አንድ ሊጨምሩ ቢነሱ፣ ሁለቱም 7 የሚለውን አንብበው ሁለቱም 8 ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ 9 መሆን የነበረበት 8 ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ስህተት በሺህ ሙከራ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ሲፈልጉትም አይገኝም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጀማሪዎች በሚጽፉበት ቋንቋ ውስጥ ይህን መልቀቅ ለአይክ የማይታሰብ ነበር። የጋራ ሜሞሪ አደገኛ መሆኑ ከአሥር ዓመት በኋላ ተረጋገጠ፤ አደጋው የመጣው ግን በሌላ በር ነው።

መካከለኛው መንገድ የተገኘው ሜሞሪን ሳይጋሩ ሥራን በመጋራት ነበር። ጉግል በሜይ 2007 ባወጣው ጊርስ በተባለ የብራውዘር ማሟያ ውስጥ ከበስተኋላ የሚሠሩ ወርከሮችን አስገባ። ሐሳቡ ዌብ ወርከር በሚል ስም ወደ ስታንዳርድ ተለውጦ በጁን 2009 በፋየርፎክስ 3.5 እና በሳፋሪ 4፣ በጃንዋሪ 2010 በክሮም 4 ውስጥ ተካተተ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 2012 ቆየ። ወርከሮች የየራሳቸውን መዝገብ ይዘው በየክፍላቸው ተቀምጠው በደብዳቤ እንደሚገናኙ ጸሐፊዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ አያይም፣ የሚደርሰው ቅጂ ብቻ ነው። ስህተቱ ቀረ፤ ዋጋው ግን ቅጂው ሆነ። አንድ ትልቅ ፎቶ ለወርከር ሰጥቶ መልሶ መቀበል ብቻ ከሥራው የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ዳታን ሳይገለብጡ ባለቤትነቱን ማስተላለፍ የሚያስችል ዘዴ ቆየት ብሎ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ላኪው የላከውን ነገር ከዚያ በኋላ ማንበብ አይችልም።

ይህ ለጃቫስክሪፕት ጸሐፊ በቂ ነበር። በሲ ፕላስ ፕላስ ለተጻፈ የቆየ ፕሮግራም ግን አልሆነም። የጨዋታ ሞተር፣ የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ወይም የንድፍ ሶፍትዌር ገና ሲጀመር ትሬዶቹ አንዱን ሜሞሪ በአድራሻ እየጠቆሙ እንዲሠሩ ታስቦ ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ኮድ በደብዳቤ ወደሚነጋገሩ ክፍሎች መበታተን እንደገና እንደመጻፍ ነው። ጉግል ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ ኔቲቭ ክላየንት ይባላል። በዲሴምበር 2008 ይፋ ሆኖ ኮምፓይል የተደረገ ኮድን በታጠረ ክልል ውስጥ ከነፒትሬድሱ ያሠራ ነበር። በኖቬምበር 2013 በክሮም 31 ላይ ለማንኛውም ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆነው ዝርያው ወጣ። በቴክኒክ ረገድ ጥሩ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ ብራውዘሮች አልተቀበሉትም፤ ሞዚላ በተለይ ከገጹ ቋንቋ ውጭ ሁለተኛ ዓለም መፍጠር አይገባም የሚል አቋም ነበረው። አንድ ብራውዘር ብቻ የሚያውቀው ነገር ደግሞ ዌብ ላይ ዕድሜ የለውም።

ሞዚላ በበኩሉ ከጃቫስክሪፕት ሳይወጣ ወደዚያው ሊደርስ ሞከረ። አሎን ዛካይ በ2010 የጀመረው ኤምስክሪፕትን የተባለ ኮምፓይለር የሲ እና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን ወደ ጃቫስክሪፕት ይለውጥ ነበር። በ2013 ዛካይ፣ ሉክ ዋግነርና ዴቪድ ኸርማን ከጃቫስክሪፕት ውስጥ ቁጥር ብቻ የሚያሰላውንና በቀላሉ የሚፈጥነውን ክፍል ለይተው አዝም ጄኤስ አሉት። በዚያ ዓመት ማርች ላይ ኤፒክ ጌምስና ሞዚላ አንሪል ኢንጅን 3 የተባለውን ግዙፍ የጨዋታ ሞተር በአራት ቀን ውስጥ ወደ ብራውዘር ማምጣታቸውን አሳዩ። ያዩት ተደነቁ፤ ሞተሩ ግን ያን ሁሉ የሚሠራው በአንድ ትሬድ ነበር።

የጋራ ሜሞሪ ወደ ጃቫስክሪፕት የገባው በዚህ ግፊት ነው። በ2014 የሞዚላው ላርስ ሃንሰን የሚመራው ረቂቅ መዘጋጀት ጀመረ፤ በ2015 መጀመሪያም ሞዚላ ዕቅዱን በይፋ አስረዳ። ረቂቁ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ሼርድ አሬይ በፈር ነው፤ ብዙ ወርከሮች ሳይገለብጡ በአንድ ጊዜ የሚያነቡትና የሚጽፉት የባይት ክምችት። ሁለተኛው አቶሚክስ ነው፤ ማንበብ፣ መጨመርና መጻፍ በመሃል ሌላ ሳይገባ እንደ አንድ ድርጊት እንዲፈጸሙ የሚያደርጉ ትእዛዞች፣ እንዲሁም አንዱ ትሬድ ተኝቶ ሌላው እስኪቀሰቅሰው የሚጠብቅባቸው። ከላይ የተጠቀሰው ቆጣሪ በእነዚህ ትእዛዞች ቢጨመር ሁልጊዜ 9 ይሆናል። የጋራ የሆነው የባይት ክምችቱ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የጃቫስክሪፕት ዕቃዎች፣ የገጹ አካላትና ፋንክሽኖች እንደ ድሮው በየትሬዱ ተለያይተው ቀሩ። ጃቫስክሪፕት የሚጽፈው ብዙኃን ሳይነካ ኮምፓይለር የሚያመነጨው ኮድ የሚፈልገውን አገኘ፤ የአይክ ስጋትም ቢያንስ በግማሽ ተከበረ ማለት ይቻላል።

ዩካ ዩላንኪ በኤምስክሪፕትን ውስጥ ፒትሬድስን በዚህ መሠረት ላይ ገነባ። አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ፕሮግራሙ አዲስ ትሬድ እንዲፈጠር ሲያዝ ኤምስክሪፕትን አንድ ወርከር ያስነሳል፤ ያንኑ ኮምፓይል የተደረገ ኮድ ይሰጠዋል፤ የጋራ ሜሞሪውን ያቀብለዋል፤ ከሜሞሪው ውስጥም ለዚህ ትሬድ የብቻው የሚሆን ስታክ ይከልልለታል። ለፕሮግራሙ ሁሉም ነገር ዴስክቶፕ ላይ እንደሚያውቀው ይመስለዋል።

ይመስለዋል እንጂ አይደለም፤ ልዩነቱም ብዙ ፕሮግራመሮችን አሰናክሏል። የመጀመሪያው እንቅፋት ወርከር ወዲያው የማይነሳ መሆኑ ነው። ብዙ ብራውዘሮች አዲስ ወርከር ማስነሳት የሚችሉት ዋናው ትሬድ የያዘውን ጨርሶ ወደ ወረፋው ሲመለስ ነው። አንድ የሲ ፕሮግራም ትሬድ ፈጥሮ በሚቀጥለው መስመር ላይ እስኪጨርስ ልጠብቀው ቢል፣ ዋናው ትሬድ ወርከሩን ይጠብቃል፤ ወርከሩ ደግሞ ዋናው ትሬድ እስኪለቅ ይጠብቃል፤ ገጹ ለዘላለም ይደርቃል። ዴስክቶፕ ላይ ለሃያ ዓመት ያለ እንከን የሠራ ኮድ ብራውዘር ውስጥ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። መድኃኒቱ ወርከሮችን ፕሮግራሙ ሳይጀምር አስቀድሞ አስነስቶ ማቆየት ነው፤ ኤምስክሪፕትን ለዚህ የወርከሮቹን ብዛት የሚወስን አማራጭ አለው።

ሁለተኛው እንቅፋት ከመጀመሪያው ጋር ይያያዛል። ብራውዘሮች ዋናው ትሬድ ተኝቶ እንዲጠብቅ አይፈቅዱም፤ ከተኛ ገጹ ይደርቃልና። ስለዚህ ዋናው ትሬድ ላይ ያለ ኮድ መቆለፊያ (የጋራ ነገርን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ምልክት) ተይዞበት ሲያገኝ ሳይተኛ እየደጋገመ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህም ፕሮሰሰሩን በከንቱ ያደክማል። ከዚህ የሚያወጣው ዘዴ የፕሮግራሙን ዋና ፋንክሽን ራሱን ወደ ወርከር ወስዶ፣ የብራውዘሩን ዋና ትሬድ ለመሳልና ለመቀበል ብቻ መተው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ገጹን መንካት የሚችለው ዋናው ትሬድ ብቻ መሆኑ ነው። ሌላ ትሬድ ገጹ ላይ አንድ ነገር መለወጥ ካሻው ጥያቄውን ወደ ዋናው ትሬድ ልኮ መልስ ይጠብቃል። ለፍጥነት ሲባል ትሬድ የጨመረ ፕሮግራም በየቅጽበቱ ዋናውን ትሬድ የሚጠይቅ ከሆነ ከበፊቱ ይዘገያል። ሜሞሪ ከሚያከፋፍለው ክፍል ጋርም ተመሳሳይ ችግር አለ፦ የኤምስክሪፕትን መደበኛ አከፋፋይ አንድ መቆለፊያ ብቻ ስላለው ትሬዶች ሲበዙ ወረፋው ይረዝማል። ለዚህም በኋላ ሚማሎክ የተባለ ለብዙ ትሬድ የተዘጋጀ አማራጭ ተጨመረ።

ኤምስክሪፕትን ከነፒትሬድሱ እየበሰለ ሳለ ከሥሩ ያለው መሬት ተለወጠ። በጁን 2015 የሞዚላ፣ የጉግል፣ የማይክሮሶፍትና የአፕል መሐንዲሶች ዌብአሴምብሊ የተባለ የጋራ የኮድ ቅርጽ እየነደፉ መሆኑ ይፋ ሆነ። አዝም ጄኤስን ተክቶ፣ ኮምፓይለሮች በቀጥታ የሚያመነጩት፣ ብራውዘሮች ሁሉ በእኩል የሚያነቡት ባይናሪ ነበር። የመጀመሪያው ቅጂ በማርች 2017 በፋየርፎክስ 52 እና በክሮም 57 ወጥቶ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሳፋሪና ኤጅ ተከተሉት። ጉግልም በሜይ 2017 ኔቲቭ ክላየንትን ትቶ ወደዚህ እንደሚዞር አስታወቀ። የመጀመሪያው ቅጂ ትሬድ አልነበረውም፤ ነዳፊዎቹ አራቱም ብራውዘሮች ቶሎ የሚስማሙበትን ትንሹን ነገር አውጥተው ትሬድን ለቀጣዩ ዙር አቆዩት። ሁሉን ባንድ ጊዜ እናውጣ ቢሉ ዌብአሴምብሊ ቀጥሎ በሚነገረው የ2018 ቀውስ መካከል ተይዞ ሊቀር ይችል ነበርና ውሳኔው ብልህነት ነበር።

በዚያው በ2017 ሼርድ አሬይ በፈርና አቶሚክስ የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ አካል ሆኑ። ሳፋሪ 10.1 በማርች፣ ክሮም 60 በጁላይ፣ ፋየርፎክስ 55 በኦገስት ለሁሉም ተጠቃሚ ከፈቱት። የማስጠንቀቂያ ደወልም በዚያው ዓመት ተደውሏል። በኦስትሪያ የግራትስ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና በአምስተርዳም የቭሬየ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጋራ ሜሞሪን እንደ ሰዓት መጠቀም እንደሚቻል በየፊናቸው አሳዩ። ብራውዘሮች ለገጾች የሚሰጡትን ሰዓት በ2015 ሆን ብለው ወደ 5 ማይክሮሴኮንድ አደብዝዘውት ነበር፤ በጣም ስል ሰዓት የያዘ ገጽ የፕሮሰሰሩን ካሽ (በቅርብ የተነካ ዳታ የሚቀመጥበትን ፈጣን ሜሞሪ) እየለካ ምስጢር ሊሰልል እንደሚችል ታውቆ ነበርና። የጋራ ሜሞሪ ይህን መከላከያ አፈረሰው። አንድ ወርከር ያለማቋረጥ በአንድ ቁጥር ላይ አንድ እየጨመረ ይጽፋል፤ ሌላው ቁጥሩን ሲፈልግ ያነባል። ቁጥሩ በናኖሴኮንዶች ደረጃ የሚቆጥር ሰዓት ሆነ። ማስጠንቀቂያው ተሰማ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ እንደ ሩቅ አደጋ ነበር የተቆጠረው።

በጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ስፔክተርና ሜልትዳውን ይፋ ሆኑ። ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጉግል የደኅንነት ምርምር ቡድን ባልደረባ ያን ሆርንና ሌሎች ተመራማሪዎች ያገኟቸው እነዚህ ክፍተቶች ከሶፍትዌር ስህተት የመጡ አልነበሩም። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ቀጥሎ የሚታዘዘውን ከመጠበቅ ይልቅ ገምቶ ቀድሞ ያሰላል፤ ግምቱ ከሳተ ውጤቱን ይጥላል። ይጥላል እንጂ አሻራው ካሹ ውስጥ ይቀራል። በስፔክተር አጥቂው ፕሮሰሰሩ ማንበብ የማይገባውን ባይት በግምት እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ከዚያም የትኛው የካሽ ክፍል ፈጥኖ እንደሚመልስ በመለካት የባይቱን ዋጋ ያውቃል። ካሽ ውስጥ ባለና በሌለ ዳታ መካከል ያለው ልዩነት በአሥሮች በሚቆጠሩ ናኖሴኮንዶች የሚለካ ነው። በ5 ማይክሮሴኮንድ ሰዓት ይህን መለየት ይከብዳል፤ በጋራ ሜሞሪ ሰዓት ግን ቀላል ነው። የስፔክተር ጽሑፍ ጥቃቱ በጃቫስክሪፕት እንደሚሠራም ጨምሮ አሳይቷል። በዚያን ጊዜ የአንዱ ድረ ገጽ ኮድ ከሌላ ድረ ገጽ ዳታ ጋር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ፣ ማለትም ሜሞሪው ከሌሎች በተለየ አንድ ክልል ውስጥ፣ ሊገኝ ይችል ነበርና፣ ማስታወቂያ ውስጥ የተደበቀ ኮድ የባንክ ገጽን ዳታ ማንበብ ይችላል ማለት ነበር።

ብራውዘር ሠሪዎች የወሰዱት እርምጃ ፈጣን ነበር። ሞዚላ በማግስቱ ባወጣው ፋየርፎክስ 57.0.4 የጋራ ሜሞሪን ዘግቶ ሰዓቱን ወደ 20 ማይክሮሴኮንድ አደበዘዘ። ክሮም፣ ኤጅና ሳፋሪም በቀናት ውስጥ ያንኑ አደረጉ። ስታንዳርድ ከሆነ ገና ሰባት ወር ያልሞላው ነገር ከብራውዘሮች ሁሉ ጠፋ። በዌብ ታሪክ በስታንዳርድ ጸድቆ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ እንዲህ ባንድነት የተነሳ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

መልሶ ለማምጣት አንዱ መንገድ ሜሞሪውን ሳይሆን ጎረቤቱን መለየት ነበር። የክሮም መሐንዲሶች ከስፔክተር በፊት ለዓመታት ሲሠሩበት የቆዩት አንድ ፕሮጀክት ነበራቸው፦ እያንዳንዱን ድረ ገጽ በራሱ ፕሮሰስ ውስጥ ማሠራት። በክሮም 67 አማካይነት በ2018 አጋማሽ ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ተከፈተ፤ ዋጋው የብራውዘሩን የሜሞሪ ፍጆታ ከ10 እስከ 13 በመቶ ከፍ ማድረግ ነበር። አጥቂ ኮድ በራሱ ፕሮሰስ ውስጥ የፈለገውን ቢያነብ የሚያገኘው የራሱን ዳታ ነው። በዚህ መተማመኛ ክሮም 68 በጁላይ 2018 የጋራ ሜሞሪን ለዴስክቶፕ መለሰ፤ ክሮም 70 በኦክቶበር የዌብአሴምብሊ ትሬዶችን ለሙከራ ከፈተ፤ ክሮም 74 በኤፕሪል 2019 ለሁሉም ለቀቃቸው። ፋየርፎክስና ሳፋሪ እንዲህ ያለ መለያየት ገና ስላልነበራቸው ጠበቁ። የሞባይል ስልኮችም የሜሞሪ አቅማቸው አነስተኛ በመሆኑ ወደ ኋላ ቀሩ። በዚህ ወቅት አንድ ፕሮግራመር ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት ነበረበት፤ ትሬድ ያለውና የሌለው።

በዌብአሴምብሊ ውስጥ የገባው ነገር ከስሙ ያነሰ ነው። ረቂቁ ትሬድስ ይባላል፤ ትሬድ የሚፈጥር ትእዛዝ ግን በውስጡ የለም። የያዘው የጋራ ተብሎ የታወጀ ሜሞሪ፣ አቶሚክ ማንበቢያና መጻፊያዎች፣ እንዲሁም የመጠበቂያና የመቀስቀሻ ትእዛዞች ናቸው። የጋራ ሜሞሪ ሲታወጅ የመጨረሻ መጠኑ አብሮ መነገር አለበት፤ ትሬዶች እየሠሩበት ሳለ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር አይችልምና። ትሬዱን የሚፈጥረው አሁንም በወርከር በኩል ብራውዘሩ ነው።

ብዙ ሰው ሳያየው ያለፈ ሥራም በዚህ ዘመን ተሠርቷል። በትሬዶች መካከል አንዱ የጻፈውን ሌላው መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሚያይ የሚወስነው ሕግ የሜሞሪ ሞዴል ይባላል፤ ፕሮሰሰሮች ለፍጥነት ሲሉ ቅደም ተከተል ስለሚያዛንፉ ሕጉ የግድ ያስፈልጋል። የካምብሪጁ ኮንራድ ዋት ከአንድሪያስ ሮስበርግና ከሌሎች ጋር በ2019 ለዌብአሴምብሊ የሚሆነውን ሞዴል በሒሳብ ቀመር አስቀመጠ። በዚሁ ሥራ የጃቫስክሪፕት ሞዴል ራሱ እንከን እንዳለበት ታወቀ፦ በኤአርኤም ፕሮሰሰሮች ላይ በተለመደው መንገድ ኮምፓይል የሚደረግ ኮድ ስታንዳርዱ የማይፈቅደውን ውጤት ሊሰጥ ይችል ነበር። በ2020 በቀረበው ጥናት መሠረት ስታንዳርዱ ታረመ።

ለሌሎቹ ብራውዘሮች መፍትሔ የሆነው ፈቃዱን ለድረ ገጹ ባለቤት ማስተላለፍ ነበር። የጋራ ሜሞሪ የሚፈልግ ገጽ ሰርቨሩ ሁለት ሄደሮችን (ከገጹ ጋር አብረው የሚላኩ መመሪያዎችን) እንዲልክ ያደርጋል። ክሮስ ኦሪጂን ኦፕነር ፖሊሲ የተባለው ገጹ ከከፈቱትና ከከፈታቸው የሌሎች መስኮቶች ጋር ያለውን ግንኙነት ይቆርጣል። ክሮስ ኦሪጂን ኢምቤደር ፖሊሲ የተባለው ደግሞ ፈቃድ ያልሰጠ የሌላ ድረ ገጽ ምስል፣ ቪዲዮ ወይም ስክሪፕት ወደ ገጹ እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለቱ ሲሟሉ ብራውዘሩ በዚህ ፕሮሰስ ውስጥ የባዕድ ዳታ አለመኖሩን አውቆ የጋራ ሜሞሪን ይከፍታል። ፋየርፎክስ 79 በጁላይ 2020፣ በአንድሮይድ ላይ ክሮም 88 በጃንዋሪ 2021፣ ሳፋሪ 15.2 በዲሴምበር 2021 በዚህ መንገድ መለሱት። ክሮም ለዴስክቶፕ ያለ ሄደር ሰጥቶት የነበረውንም ፈቃድ በጁላይ 2021 በክሮም 92 አንስቶ እንደ ሌሎቹ አደረገው።

ሸክሙ ግን ቀላል አልነበረም። ማስታወቂያ የሚያሳይ፣ የሌላ ኩባንያ ካርታ የሚያስገባ ወይም በሌላ ድረ ገጽ መለያ መግቢያ የሚጠቀም ገጽ ሄደሮቹን ባስገባ ቅጽበት እነዚህ አካላት ይሰበሩበታል፤ ፈቃድ የሚሰጡት ደግሞ ባለቤቱ የማያዝባቸው ድርጅቶች ናቸው። እንደ ጊትሃብ ፔጅስ ያሉ ነፃ ማስተናገጃዎች ላይ ሄደር መጨመር ስለማይቻል፣ ፕሮግራመሮች ሰርቪስ ወርከር በተባለ የብራውዘር ውስጥ አማላጅ አማካይነት ሄደሮቹን ራሳቸው የሚለጥፉበት ዘዴ ፈጥረዋል። ክሮም በ2021 መጨረሻ የባዕድ ምስሎችን ያለ ኩኪ የሚያመጣ ቀለል ያለ አማራጭ ጨመረ፤ ችግሩን ያቃልላል እንጂ አያስወግደውም። ትሬድ ከብዙ ተራ ድረ ገጾች ርቆ፣ ራሳቸውን የቻሉ ትልልቅ ፕሮግራሞች መሣሪያ ሆኖ የቀረው ከቴክኒኩ ክብደት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

በጥንቃቄው ላይ ጥርጣሬ ላለው በማርች 2021 ማስረጃ ተጨመረ። ጉግል ራሱ በክሮም 88 ላይ የሚሠራ የስፔክተር ማሳያ ይፋ አደረገ፤ ዳታውን በሴኮንድ 1 ኪሎባይት ያህል ያፈስ ነበር፣ ያውም ያለ ጋራ ሜሞሪ። በ2018 የጋራ ሜሞሪን መዝጋት አጥቂውን ያዘገየ እንጂ ያላስቆመ እርምጃ እንደነበር ከዚህ ግልጽ ሆነ። እውነተኛው መከላከያ የፕሮሰስ መለያየት ነው፤ ሞዚላም የራሱን በ2021 መጨረሻ በፋየርፎክስ 95 ለዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች አዳረሰ።

ሸክሙን የተሸከሙት ጥቅሙን አግኝተዋል። ማሽን ለርኒንግን በብራውዘር ውስጥ የሚያሠራው የቴንሰርፍሎው ጄኤስ ቡድን በ2020 ባሳተመው ልኬት፣ በአንድ ትእዛዝ ብዙ ቁጥሮችን የሚያሰላው ሲምድ የተባለው ዘዴ ከ1.7 እስከ 4.5 እጥፍ ፍጥነት ሲሰጥ፣ ትሬዶች በዚያ ላይ ከ1.8 እስከ 2.9 እጥፍ ጨምረዋል። በ2017 ኔቲቭ ክላየንትን ይዞ ወደ ብራውዘር የመጣው ጉግል ኧርዝ ወደ ዌብአሴምብሊ ተዛውሮ ከክሮም ውጭ ባሉ ብራውዘሮችም መከፈት ቻለ። አዶቢ በኦክቶበር 2021 የፎቶሾፕን የዌብ ቅጂ ለሙከራ አወጣ፤ በ2023 መደበኛ ምርት ሆነ። አሥርት ዓመታት ያስቆጠረው የፎቶሾፕ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ በኤምስክሪፕትን ኮምፓይል ተደርጎ ከነትሬዶቹ ሲሠራ፣ ላርስ ሃንሰንና ባልደረቦቹ የጀመሩት ሥራ የታሰበለት ቦታ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ ከሜሞሪ ባሻገር ምን ይጋራ የሚል ነው። በ2023 መጨረሻ ክሮምና ፋየርፎክስ ዌብአሴምብሊ ሜሞሪ ጠራጊ (ጥቅም ያለቀለትን ዕቃ ራሱ የሚያስወግድ ክፍል) የሚያስተዳድራቸውን ዕቃዎች እንዲፈጥር ፈቀዱ፤ ለጃቫ፣ ለኮትሊንና ለዳርት የሚሆን መሠረት ነው። እነዚህ ዕቃዎች ግን በትሬዶች መካከል አይጋሩም። ስለዚህ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ትሬድ ሲኖረው፣ ትሬድን ከልደቱ ጀምሮ የያዘው ጃቫ በዚህ መንገድ ሲመጣ የለውም፤ ለ1995ቱ አፕሌት የተፈቀደው ለእሱ ገና ነው። ከብራውዘር ውጭ ላሉ የዌብአሴምብሊ ማስኬጃዎች ተጀምሮ የነበረው ዋሲ ትሬድስ የተባለ ረቂቅም ቆሞ፣ ትኩረቱ ፋንክሽኖችን፣ ሠንጠረዦችንና ዕቃዎችን ጭምር ለማጋራት ወደታሰበው ሼርድ ኤቭሪቲንግ ትሬድስ ወደተባለው አዲስ ረቂቅ ዞሯል። ዌብአሴምብሊ 3.0 በሴፕቴምበር 2025 ሲታወጅ 64 ቢት ሜሞሪን፣ ሜሞሪ ጠራጊንና ሌሎች ብዙ ጭማሪዎችን ይዞ ነበር የመጣው፤ ትሬድ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።